የአጥንት ቆጠራና የዝሆኔ በሽታ ታሪክ

ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነው። በዚሁ አገር የተማሩት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ፣ ፊታውራሪ መሸሻ አጥንት እየቆጠሩ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ሲያጡ እናያለን። እኛ ወጣቶች ይህን ስናነብ በፊታውራሪ እንስቃለን። ነገር ግን በየቤታችን ሌላ የአጥንት ቆጠራ አለ፤ ይኸውም ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ «በዘራቸው ዝሆኔ አለ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቀው ነው። አክስቴ ሳታገባ የቀረችው የእርሷ እግር አብጦ ሳይሆን፣ አባቷ የዝሆኔ ሕመምተኛ ስለ ነበሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ የበሽታውን ታሪክ መመርመር ይገባናል። ዝሆኔን የሚያመጣ በትንኝ የሚተላለፍ ትል አለ። በ1960ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ጥናት ያደረገው እንግሊዛዊው ሐኪም አርነስት ፕራይስ ግን የደጋው ዝሆኔ ከዚህ የተለየ መሆኑን ገለጠ። በሽታው የሚበዛው ዝናም በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው በሚሠሩ ገበሬዎች ዘንድ ነው፤ የአፈሩም ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ የሚሄድበትን መሥመር ይጐዳል።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን አመሳክረው፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይበት ዘረ መል በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጥ አስረዱ። እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን በግማሽ እውነት ነበራቸው፤ በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ያለ አፈሩ ዘሩ ብቻውን ማንንም አያሳብጥም፤ በሽታውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በዚያው ዓመት ሌሎች ሊቃውንት ዘረ መልን ቆርጦ ለማረም የሚያስችል ክሪስፐር የተባለ ጥበብ አስታወቁ። በውጭ አገር ለወጣቶች የሚጻፉ ልብ ወለዶችም ስለዚህ ዓይነቱ ተስፋና ሥጋት ይተርካሉ። ለእኛ ዝሆኔ ግን ዘርን ማረም አያስፈልግም። ከሕፃንነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል፤ የታመመም ቢሆን በየቀኑ ቢታጠብና እግሩን በፋሻ ቢያስር እብጠቱ ይቀንስለታል።

ያለፈውን የአክስቴን ዕድሜ ማንም አይመልሰውም። እኛ ግን ትምህርታችንን ጨርሰን ወደየቤታችን ስንመለስ፣ ሽማግሌዎች ስለ ዘር ሲጠይቁ ዝም አንበል፤ በአክብሮት እናስረዳ፤ ለታናናሾቻችንም አስቀድመን ጫማ እንግዛ።