ሜሶሳውረስ

ሜሶሳውረስ ከ280 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ በፐርሚያን ዘመን መጀመሪያ ይኖር የነበረና ዘሩ የጠፋ ጥንታዊ ገበሎ አስተኔ (ተሳቢ እንስሳ) ነው። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «መካከለኛ እንሽላሊት» ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዳይኖሰሮች የታዩት ከእርሱ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ቆይተው ነው።

የሰውነት አሠራር

ርዝመቱ 1 ሜትር ገደማ ነበር። አፉ ረጅምና ቀጭን፣ ጥርሶቹም እንደ መርፌ የቀጠኑ ነበሩ፤ በእነርሱም ትናንሽ የውኃ እንስሳትን ይይዝ ነበር። ረጅም ጅራቱና ሰፋፊ የኋላ እግሮቹ ለዋና ይረዱት ነበር። ከየብስ ወደ ውኃ ኑሮ ከተመለሱት የመጀመሪያዎቹ ገበሎ አስተኔዎች አንዱ ነው።

ቅሪተ አካሉና የአህጉራት መለያየት

ቅሪተ አካሉ የተገኘው በደቡባዊ አፍሪካ (ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያ) እና በደቡብ አሜሪካ (ብራዚል፣ ኡራጓይና ፓራጓይ) ብቻ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖር እንዲህ ያለ ትንሽ እንስሳ የአትላንቲክ ውቅያኖስን ዋኝቶ ሊሻገር አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ አህጉራት በዚያ ዘመን ጎንድዋና በተባለ አንድ ታላቅ የብስ ተጋጥመው እንደነበር ከሚያስረዱት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር እ.ኤ.አ. በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ሲል ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር፤ ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው በ1960ዎቹ ነው።

የምድር ቅርፊት መለያየት ዛሬም አልቆመም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ የምድር ቅርፊት በ60 ኪሎሜትር ገደማ ርዝመት ተሰንጥቆ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። የሜሶሳውረስን አገር ለሁለት የከፈለው መለያየትም የጀመረው እንዲሁ በስምጥ ሸለቆ ነበር።