ጎተራ ሲመናመን የሚከበር ደስታ፦ የቤተሰብ ክረምት ታሪክ በኢትዮጵያ ደጋ

በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሚገኙ ብዙ አገሮች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉት ወራት ቤተሰብ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚጓዝባቸው የፀሐይ ወራት ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ግን እነዚሁ ወራት ዝናብ የሚበረታባቸውና ሰው ወደ ቤቱ የሚሰበሰብባቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ወቅቶች ከፍላ ዘመነ ክረምት የምትለው ጊዜ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ወንዞች ስለሚሞሉ፣ መንገዱም ጨቅይቶ ለጭነት ከብት አስቸጋሪ ስለሚሆን ንግዱም ዘመቻውም ጋብ ይል ነበር። በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ይገዙ የነበሩት ነገሥታት ሳይቀሩ ክረምቱን በአንድ ቦታ ሰፍረው ያሳልፉ ነበር፤ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1636 የተቆረቆረችው ጎንደርም ከዚሁ የመክረሚያ ሰፈር ልማድ ወደ ቋሚ መናገሻነት ያደገች ከተማ ናት።

ቤት መሰብሰብ ግን ዕረፍት ማለት አልነበረም። ገበሬው በሐምሌና በነሐሴ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፤ ልጁም ዝናብ እየወረደበት ከብት ይጠብቃል። ከዚህም በላይ ያለፈው ዓመት እህል ወደ ማለቂያው የሚቃረበው፣ አዲሱ ደግሞ ገና በማሳ ላይ የሚሆነው በዚሁ ጊዜ ስለሆነ ጎተራው ይመናመናል። የክረምት በዓላትና የልጆች ጨዋታዎች መታየት ያለባቸው ከዚህ አንጻር ነው፤ ኑሮ በሚጠብበት ወቅት፣ ብዙ እህል ሳይፈጁና ከብት ሳያሳርዱ፣ ደሃውንም ባለጸጋውንም እኩል እንዲያስተናግዱ ሆነው የተበጁ ናቸው። ይህን እንደ አጋጣሚ ብቻ ቆጥሮ ማለፍ ይከብዳል።

ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ቡሄ ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ሕዝባዊ መጠሪያ ሲሆን፣ በዓሉ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበትን ቀን የሚያስብና ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ የሆነ ነው። ቀኑ ከነሐሴ 1 እስከ ፍልሰታ በዓል ዋዜማ ድረስ በሚጾመው በጾመ ፍልሰታ መካከል ስለሚውል ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል አይቀርብበትም፤ ድግሱ በአብዛኛው ዳቦ ነው። ሙልሙል የሚባለው ይህ ዳቦ ከስንዴ ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ፣ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ በእጅ እየተድቦለቦለ ሞላላ ቅርጽ ይይዝና ምጣድ ላይ አክንባሎ ተደፍቶበት ይበስላል። እንደ ድፎ ዳቦ ትልቅ ሆኖ ተቆርሶ የሚታደል ሳይሆን መጠኑ አነስ ብሎ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ እንዲደርሰው የሚጋገር በመሆኑ፣ የቤቱ ትንሹ ልጅ እንኳ ሙሉ ዳቦ የሚይዝበት ቀን ነው። በብዙ አካባቢ የክርስትና አባትም ለክርስትና ልጁ ሙልሙል ይሰጣል።

ልማዱ ከበዓሉ ትርጉም ጋር የተሳሰረው በትውፊት ነው። በታቦር ተራራ አካባቢ የነበሩ እረኞች ከብርሃኑ የተነሣ ቀኑ የመሸ ሳይመስላቸው በዚያው ስለቆዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተውና ዳቦ ይዘው ፍለጋ እንደወጡ ይነገራል፤ ነሐሴ 12 ማታ ችቦ የሚለኮሰውም፣ ሙልሙል የሚጋገረውም በዚህ መታሰቢያነት ነው። ልጆች ዱላቸውን ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ አንዱ ግጥም ያወርዳል፣ ሌሎቹ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ይቀበላሉ። ግጥሙ የቤቱን ባለቤት ያወድሳል፤ ሙልሙሉ ሲሰጥ ደግሞ ምርቃት ይከተላል። ልጆቹ ለጋሽ ደጅ የቆሙ ለማኞች አይደሉም፤ ዜማቸውንና ምርቃታቸውን ሰጥተው ዋጋውን የሚቀበሉ ናቸው፤ የልማዱ ክብር ያለውም በዚህ ልውውጥ ላይ ነው።

ከቡሄ በፊት ባሉት ቀናት በየመስኩ የሚሰማው የጅራፍ ድምፅም ወጪ የሌለበት ጥበብ ነው። ጅራፉ ከቃጫ ወይም ከልጥ ማለትም ከእንጨት ልጣጭ ይገመዳል፤ በመያዣው በኩል ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ እንዲሄድ ሆኖ ይሠራል። አጩዋሂው ከራሱ በላይ አዙሮ በድንገት ወደ ኋላ ሲመልሰው ቀጭኑ ጫፍ አየሩን ሰንጥቆ ይጮኻል። ድምፁ በታቦር ተራራ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ እንደሆነ ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ ለእረኛው ግን በሙያው የሚኮራበት የራሱ እጅ ሥራም ነበር።

ደብረ ታቦር በአብነት ትምህርት ቤቶችም የተማሪዎች በዓል ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ማለት ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ከመምህሩ ሥር በቃል የሚጠናበት ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከቤተሰቡ ርቆ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ለበዓሉ ከምእመናን እህል ሰብስቦ፣ ጠላ ጠምቆና ዳቦ ጋግሮ መምህሩንና የአካባቢውን ሰው ይጋብዛል። ዓመቱን ሙሉ ሲቀበል የኖረው በዚያ ቀን ጋባዥ መሆኑ ከልማዱ ሁሉ ልብ የሚነካው ነው።

ጾሙ ሲፈታ ተራው የልጃገረዶች ይሆናል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል እየተባለ በሚከበረው በዓል ልጃገረዶች በክረምቱ ዝናብ የለመለመውን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው በከበሮ ይጨፍራሉ። ከዚያ ጳጉሜን ይገባል፤ በ3ኛው ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል የሚወርደው ዝናብ ቡሩክ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሕፃናት ደጅ ወጥተው ይጠመቁበታል። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች ቄጤማና አደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ ወንዶች ልጆች በቀለም የሣሉትን ሥዕል ለጎረቤት ያድላሉ። በእነዚህ ቀናት መካከል ያለውን ጊዜ በመሬት ጉድጓድና በጠጠር የሚጫወቱት ገበጣ፣ የእሳት ዳር ተረትና እንቆቅልሽ፣ በፍም ላይ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት ይሞሉታል።

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ዘመናዊ ትምህርት ከተስፋፋ በኋላ፣ የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ገደማ የሚያበቃ ስለሆነ የከተማ ልጅ ክረምት በሙሉ ትርጉሙ ዕረፍት ሆነ። በዓላቱም ወደ ከተማ ገቡ፤ ነገር ግን ሙልሙል ለሚቀበለው እጅ ሳንቲም፣ ኋላም የብር ኖት ይሰጠው ጀመር፤ በጅራፉ ፋንታ ርችት ተሰማ፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃና የተዘጋ የግቢ በር ደግሞ የልጆቹን ዙረት አሳጠረው። ገንዘቡ ልጆቹን እንደሚያስደስት አይካድም፤ ዳቦው ግን ጋግራ የምትጠብቅ እናትን፣ ገንዘቡ ከሚጠይቀው በላይ ጊዜና አሳብን ይጠይቃል። የጠፋው ትልቁ ነገርም ይህ ነው። በሌላ በኩል በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ችቦ ለኩሰው፣ ሙልሙል ጋግረው ልጆቻቸውን ሆያ ሆዬ ሲያሰኙ መታየታቸው ልማዱ ሰፊ መንደርም የእርሻ ማሳም ባይኖረው ሊኖር እንደሚችል ያሳያል።

የሆያ ሆዬ ግጥሞች ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያዩ፣ የሚያውቋቸው አያቶች በሕይወት ሳሉ ትምህርት ቤቶችና የየሰፈሩ ዕድሮች ሊመዘግቧቸው ይገባል። ነሐሴ 12 ማታ የልጆችን ድምፅ በደጁ የሚሰማ ቤተሰብም በሩን ይክፈት፤ ከገንዘቡ በፊት ሙልሙሉን ያውጣ፤ ምርቃቱንም እስከ መጨረሻው ቆሞ ያዳምጥ።