ፍሎረንስ ላይ ማን ፈረመልን?

መስከረም 5 ቀን 1434 ዓ.ም. ጴጥሮስ የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በጣልያኗ ፍሎረንስ ከተማ በሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በኤውጄንዮስ 4ኛ ፊት ቆሞ ንግግር አደረገ። አውሮፓውያን ዓመቱን 1441 ይሉታል፤ ከዚህ በታች የሚመጡትም ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው። ዘመን በተለወጠ ቁጥር ስለ ዕርቅና ስለ አንድነት ብዙ ይባላልና በመስከረም ይህን ዲያቆን ማስታወስ ይገባል።

ንግግሩ የተደረገበት የፌራራና የፍሎረንስ ጉባኤ ነገር የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው። በ1438 በፌራራ ተከፈተ፤ በዓመቱ ወደ ፍሎረንስ ተዛወረ። በቱርክ የተጨነቀው የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ዮሐንስ ፓሊዮሎጎስ የምዕራቡን ጦር ፈልጎ ሊቃውንቱን ይዞ መጣ። መንፈስ ቅዱስ ከአብ ብቻ ይሠርፃል ወይስ ከአብና ከወልድ በሚለው ብዙ ወራት ተከራክረው በሐምሌ 1439 የምሥራቅና የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የአንድነት ሰነድ ተፈረመ። የኤፌሶኑ ማርቆስ ብቻውን አልፈርምም አለ። ጳጳሳቱ አገራቸው ሲገቡ ግን ሕዝቡን ከማርቆስ ጋር ሆኖ አገኙት።

ኤውጄንዮስ በዚያው ዓመት ሌላ ጭንቅ ነበረበት። በባዝል የተሰበሰቡት ተቃዋሚዎቹ ከመንበሩ ሻርነው ብለው በምትኩ ሌላ መርጠዋል። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ ክርስቲያን በፊቱ ሲቆም መታየቱ ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር። አልቤርቶ ዳ ሳርቴያኖ የተባለ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ለግብፅ ፓትርያርክና ለኢትዮጵያ ንጉሥ ደብዳቤ ይዞ ተላከ። አልቤርቶ ግብፅን አልፎ ኢትዮጵያ አልዘለቀም። ሲመለስ ከግብፅ የአባ እንጦንስ ገዳም አበምኔት አባ እንድርያስን ይዞ መጣ፤ ከኢየሩሳሌም ደግሞ የኢትዮጵያውያኑ አለቃ አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው፣ ጴጥሮስ ያለባቸው መነኮሳት መጡ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። የቆዩ የአውሮፓ ጸሐፊዎች እነዚህን ሰዎች የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መልእክተኞች ያደርጓቸዋል። ንጉሡ ወደ ሮም አንድነት ለመግባት ሰው ላከ፣ ኢትዮጵያም በፍሎረንስ ተዋሐደች የሚለው ታሪክ የተወለደው ከዚህ ነው። ሌላው ወገን የመጡት ከኢየሩሳሌም ገዳም ነው፣ ከንጉሡ ቃል አልያዙም ይላል። አባ ኒቆዲሞስ በ1440 የጻፉትን ደብዳቤ የሚያስተውል ሰው ወደ ሁለተኛው ወገን ማዘንበሉ አይቀርም። አለቃው ለጥሪው ደስታቸውን ይገልጻሉ እንጂ አገራቸውን ወክለው ቃል አይገቡም፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ነገሩ እንደማይሆን ያሳስባሉ። የተሰጠውን ሥልጣን ልክ የሚያውቅ ሰው ደብዳቤ ነው።

የጴጥሮስም ንግግር ቢሆን የተማጽኖ አይደለም። በትሕትና ይጀምርና ንግሥተ ሳባን ያነሣል፤ ከዚያ ወቀሳ ይመጣል። ኢትዮጵያውያን ከሮም የራቁት በእምነት መዋዠቅ አይደለም፣ በመንገዱ ርቀትና የቀደሙት ጳጳሳት ዞር ብለው ባለማየታቸው ነው ይላል። በአስተናጋጁ ፊት ቆሞ እንዲህ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። በኋላ ካርዲናሎቹ በአስተርጓሚ በኩል ስለ ጾሙ፣ ስለ ቅዳሴው፣ ስለ ንጉሡ ሲጠይቋቸው፣ ንጉሣቸው «ቄሱ ዮሐንስ» መባሉን መነኮሳቱ አልወደዱትም፤ ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው አረሟቸው።

በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1442 የወጣውን የአንድነት ሰነድ ለግብፃውያኑ የተቀበለው አባ እንድርያስ ነው። ሰነዱ ከወንጌል መሰበክ በኋላ ግዝረትንና ሰንበትን የሚጠብቁትን ሁሉ ከክርስቶስ እምነት ውጭ ያደርጋቸዋል። የእኛ ሰው ይገረዛል፤ ቀዳሚት ሰንበትን ያከብራል። ዘርዐ ያዕቆብ ይህን ሰነድ ይቀበላል ብሎ ማሰብ ንጉሡን ጨርሶ አለማወቅ ነው።

መነኮሳቱ ወደ ሮም ተወስደው ቅዱሳት ንዋያትን አዩ፤ ተሳለሙ። ፊላሬቴ የተባለ ቀራፂ በ1445 በጨረሰው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ከምሥራቅ የመጡት እንግዶች ተቀርፀዋል፤ በርከክ ብለው ሰነዱን ሲቀበሉ ይታያሉ። በሩ ዛሬም የባዚሊካው መካከለኛ በር ነው። ቀራፂው የኒቆዲሞስን ደብዳቤ በነሐስ አላኖረልንም፤ ጎብኚው የሚያየው መንበርከካቸውን ብቻ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ የላከው መልእክተኛ በ1450 ኔፕልስ ደርሷል፤ ንጉሡ የፈለገው የእጅ ባለሙያና ወዳጅነት ነበር።

በዚያው በ1450 ንጉሡ በተጉለት ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰበ። ቦታው በግብፅ የነበረው የእመቤታችን ደብረ ምጥማቅ መፍረሱን ሰምቶ በምትኩ ያሠራው ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን እንደ እሑድ እናክብር በማለታቸው ከመቶ ዓመት በላይ ተገፍተው ኖረዋል፤ ከግብፃውያኑ ጳጳሳት ክህነት አይቀበሉም ነበር። በደብረ ምጥማቅ ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ስለ ሁለቱ ሰንበታት ተስማሙ፤ ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስም ከእጃቸው ክህነት ለመቀበል እሺ አሉ። ንጉሡ ነገሩን «መጽሐፈ ብርሃን» በሚባለው መጽሐፉ አስፍሮታል። ሁለቱም ወገኖች ከያዙት ለቀቁ፤ የተስማሙትም፣ ከፍሎረንሱ በተለየ፣ ራሳቸው ባለጉዳዮቹ ነበሩ። ንጉሡ ለሁሉም እንዲህ አልነበረም። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት አሳዷል፣ አስገርፏል፣ ገድሏል፤ ስለ ደብረ ምጥማቅ ሲወሳ የእነሱ ደም ሊረሳ አይገባም።

በእኛ ዘመን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ የአገር ቤቱና የውጭው ሲኖዶስ ሲታረቁ የሆነው ለደብረ ምጥማቅ ይቀርባል። ሃያ ሰባት ዓመት ተወጋግዘው የኖሩ አባቶች በሁለቱም ሲኖዶሶች ስም ተላልከው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አቡነ መርቆሬዎስም አቡነ ማትያስም ፓትርያርክነታቸው ሳይሻር፣ አንዱ በጸሎትና በቡራኬ፣ ሌላው በአስተዳደር እንዲያገለግሉ ተስማሙ፤ በቅዳሴም የሁለቱም ስም እንዲጠራ ተወሰነ። አቡነ መርቆሬዎስ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ገቡ፤ እስከ ዕረፍታቸውም በአገራቸው ኖሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ከሌሎቹ የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሆና ከካቶሊክ ጋርም ስትወያይ ቆይታለች። ለዚያ ጠረጴዛ የሚላኩት ሊቃውንት የአባ ኒቆዲሞስን ደብዳቤ ቢያነቡት እወዳለሁ።