ቁናውና መዝገቡ

ዛሬ የማወጋችሁ በናይጄሪያ ደቡብ፣ የኒጀር ወንዝ ተበታትኖ ባሕር በሚገባበት አገር፣ በኦጎኒ ምድር ስላለች ቦዶ ስለምትባል መንደር ነው። የቦዶ ሰው የውኃውን መምጫና መሸሻ እያየ የሚኖር ሰው ነው፤ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ወደ መንደሩ ይመጣል፣ ሁለቴም ይመለሳል፤ ሲመጣ ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን ይገፋል፣ ሲሸሽ ደግሞ ለቃሚው ጭቃው ላይ ወርዶ ማንግሮቭ ከሚባለው ዛፍ ሥር ቀንድ አውጣ ይለቅማል፤ ቤቱም በዚህ ይተዳደራል።

በዚያ ጭቃ ውስጥ ያን ጊዜ ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ያስተዳድረው የነበረ የድፍድፍ ዘይት ቧንቧ ያልፋል። የመንደሩ ሰዎች እንደሚሉት፣ በፈረንጆች 2008 ኦገስት 28 ቀን ቧንቧው መፍሰስ ጀመረ፤ ከዚያም ባሕሩ እንደ ልማዱ መጣ፣ ዘይቱንም ተሸክሞ ወደ ማንግሮቩ አስገባ፣ ከዚያ ሸሸ፣ ከዚያ ደግሞ መጣ፤ እንዲህ እያለ መስከረም አልፎ ጥቅምት ገባ፣ ቧንቧውም የተዘጋው ኖቬምበር 7 ነው። ቀኑን ብትቆጥሩት 72 ይሆናል።

ከዚያ መዝገቡ መጣ። በዚያ አገር ዘይት ሲፈስ የኩባንያው ሰው፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪና የመንደሩ ተወካይ አብረው ቦታው ድረስ ሄደው ቅጽ ይሞላሉ፤ መቼ ጀመረ፣ በምን ምክንያት፣ ስንት በርሜል ፈሰሰ ይላል ቅጹ። ሲሰሙት ደግ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሙያውም መለኪያውም በአመዛኙ ከኩባንያው ወገን ነው። ቅጹ ደግሞ ተራ ወረቀት አይደለም፤ “ቧንቧው አርጅቶ ነው” ቢል ካሣ አለ፣ “ሰው ሰብሮት ነው” ቢል ካሣ የለም። በእኛ እህል ገበያ ሻጭ ሲሰፍር ገዢ ቁናው አጠገብ ይቆማል፤ ማንም አይቀየምም፣ ደንቡ ነውና። የቦዶ ሰው ግን ቁናውን አላየም።

የቦዶ ቅጽ መፍሰሱ የጀመረው ኦክቶበር 5 ነው አለ፤ የፈሰሰውም በጠቅላላው 1,640 በርሜል ነው አለ። ከዓመታት በኋላ፣ ዘይቱ ሲወጣ የተቀረጸ ፊልም ተገኘና የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ለአሜሪካ የቧንቧ ባለሙያዎች አሳየ፤ እነርሱም አይተው በደቂቃ ከ1 እስከ 3 በርሜል ይወጣል አሉ። እስቲ አብረን እንስፈር፦ በደቂቃ አንድ በርሜል ቢሆን በቀን 1,440 ነው፤ ስለዚህ ቅጹ ለጠቅላላው የጻፈው ከአንድ ቀን ብዙም አይበልጥም። በ72 ቀን ከ103,000 በላይ ይሆናል፤ በደቂቃ ሦስት ቢሆን ደግሞ 311,000 ይደርሳል። ነገሩ ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ኩባንያውም የፈሰሰው አስቀድሞ ከተጻፈው እንደሚበልጥ አመነ፤ በ2015 ጃንዋሪም ለ15,600 ዓሣ አጥማጆችና ለመንደሩ 55 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ስሕተትም ከተጻፈ ይወረሳል፣ ያውም መዝገቡ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ካለ የሚያርመው አያገኝም።

ደግነቱ ሣጥኑ ጥቂት ተከፈተ። ከ2011 ጀምሮ ሼል ቅጾቹንና ፎቶዎቹን ሰው ሁሉ በሚያይበት በኢንተርኔት ማውጣት ጀመረ። ከዚያም አምነስቲ “ኑ፣ አብረን እናንብብ” ብሎ ጠራ፤ ከ142 አገሮች 3,545 ሰዎች መጡ፣ ቦዶን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች በየቤታቸው ቁጭ ብለው ቅጹን ከፎቶው፣ ፎቶውንም ከቅጹ አስተያዩ፤ በ2018 ውጤቱ ሲወጣ፣ በሼልና በኢጣሊያው የነዳጅ ኩባንያ በኤኒ መዝገብ ውስጥ የተጻፈው ምክንያት የሚያጠራጥር ቢያንስ 89 የዘይት መፍሰስ ተገኘ።

እኒያ 3,545 ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ቁናው አጠገብ የቆሙ ገዢዎች ናቸው። የቦዶ ዓሣ አጥማጅም የሚጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም፤ በደጁ የፈሰሰው ሲሰፈር አጠገቡ ቆሞ ማየት፣ ከዚያም የተጻፈውን ወረቀት በገዛ እጁ ይዞ፣ እርሱ ከቆጠራቸው 72 ቀናት ጋር ማስተያየት።