ምች የመታው ጓሮ

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ክረምት ወደ ደሴ ስጓዝ ከሚሴ ላይ ወርጄ ከወዳጄ ቤት አደርኩ። የወዳጄ እናት በጓሯቸው ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን ያለማሉ። ጠዋት ጓሮ ስወጣ ግን ቲማቲሙ የለም ማለት ይቻላል። ሰማዩ ለቀናት ደመና ተጭኖት ሰንብቶ ነበር፤ ቅጠሉ ፍል ውሃ እንደተደፋበት ጠውልጎ ጠቁሯል፤ ገልበጥ አድርጌ ሳየው ጀርባው ላይ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር አለ። ግንዱም ጠቋቁሯል፤ ፍሬው እንጨት ላይ እያለ ቡናማ ሆኖ በስብሷል።

"ምች መታው፣ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ጁምዓ መጥታ 'እንዴት አምሮልሻል!' ብላኝ ሄደች። ማሻ አላህ አላለችም" አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ቡና አልተጠራሩም። የሃያ ዓመት ጉርብትና በአንድ መደብ ቲማቲም ተበጠሰ ማለት ነው።

መቼም ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ከነገሩ በፊት ቃሉ ይይዘዋል። ምች ሰውንም ይመታል፣ ቅጠልንም ይመታል። ከሚሴ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ስሙ አንድ ነው። ለሰው ምች የሚታሸውን ዳማከሴ በኦሮምኛ "ቆሪቻ ሚቺ"፣ የምች መድኃኒት፣ ይሉታል። እዚያው አጥር ሥር ዳማከሴው ለምልሞ ቆሟል። ለሰው ምች መድኃኒቱ ከደጅ አለ፤ ለቲማቲም ምችስ?

ይህ ምች ታሪክ ያለው በሽታ ነው። ድንችና ቲማቲም የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ዊልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1845፣ ያው በሽታ አየርላንድ ገብቶ ነበር። የአየርላንድ ድሃ የሚበላው ድንች ነው፤ በአብዛኛው የሚተክለውም "ላምፐር" የሚባለውን አንድ ዝርያ ነው። ድንች የሚተከለው ከራሱ ከድንቹ ስለሆነ ልጁ ቁርጥ እናቱን ነው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የማያንስ ሕዝብ ተሰደደ።

ታዲያ የሠለጠነው አውሮፓስ ምን አለ? ከፊሉ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አለ። ከፊሉ ያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ባቡር ጠቆመ፤ ባቡሩ በአየር ላይ የሚረጨው ኤሌክትሪክ ነው አለ። እንግዲህ የከሚሴዋ እናት ብቻቸውን አይደሉም፤ እሳቸው ጎረቤታቸውን ጠረጠሩ፣ እነዚያ ባቡሩን። በ1846 ማይልስ በርክሌይ የሚባል የገጠር ቄስ፣ በቅጠሉ ጀርባ የሚታየው ሻጋታ የበሽታው ውጤት ሳይሆን ራሱ በሽታው ነው ብሎ ቢጽፍ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ነገሩን በሙከራ ያረጋገጠው ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ነው፤ በ1876ም "ዕፅ አጥፊ" የሚል የግሪክኛ ስም አወጣለት።

መድኃኒቱ የተገኘበት መንገድ ደግሞ ያስቃል። የፈረንሳይ ቦርዶ ገበሬዎች መንገደኛ ወይናቸውን እንዳይቀጥፍ ዳር ዳሩን በመዳብ ሰልፌትና በኖራ ይቀቡት ነበር። ሚላርዴ የተባለ ምሁር የተቀባው ወይን በሻጋታ በሽታ እንዳልተጎዳ አስተዋለና በ1885 ውህዱን ለዓለም አስተዋወቀ። ለሌባ የተቀባው ለበሽታ ሆነ፤ ለድንችና ለቲማቲም ምችም ተረፈ። በእኛም አገር የሆለታ ምርምር ማዕከል እነ ጃለኔን፣ ጉደኔንና በለጤን የመሳሰሉ ምች እንዲቋቋሙ የተመረጡ የድንች ዝርያዎች አውጥቷል። በሽታው ግን መልኩን እየለወጠ የተቋቋመውን ሁሉ መልሶ ይፈትናል።

አየርላንድን ሳስብ ግን ከምቹ ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሕዝቡ እያለቀ እህልና ቅቤ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። ይህን የሚያነብ የወሎ ሰው "እንዴ! ይህን የት ነው የማውቀው?" ቢል አይፈረድበትም። ከሚሴን ሰንጥቆ ወደ ደሴ የሚወጣው ይኸው መንገድ በ1965 ዓ.ም. የተራበ ሕዝብ ወጥቶ መኪና ያስቆምበት ነበር። አማርትያ ሰን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር፤ የደሴ የእህል ዋጋም ብዙ አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። የጠፋው የወሎ ገበሬ የመግዣ አቅም ነው። መንግሥት ደግሞ ነገሩን ሸሸገ። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም አጋለጠው፤ በአገር ውስጥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ማለት ይኼኔ ነው።

ወደ ጓሮው ልመለስ። ለእናታችን የማውቀውን ነገርኳቸው፦ የታመመውን ነቅለው ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ፤ ውሃውን ከሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አያፍስሱ፤ ሲተክሉ አራርቀው በእንጨት ይደግፉት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ እዚያ መደብ ላይ ቲማቲምም፣ ድንችም፣ ቃሪያም አይመልሱ፤ የመዳብ መድኃኒት የሚረጨው ቅጠሉ ሳይታመም ነው፤ ከጠቆረ በኋላ አያድነውም።

"ይህ በሽታ በነፋስ ይሄዳል" ስላቸው ግን ዝም አሉ። "የጎረቤትዎን ቲማቲም አይተውታል?" አልኳቸው። አላዩም፤ ከተኳረፉ ወዲህ አጥሩን አልተሻገሩም። ነጠላቸውን ደርበው ሄዱ። የዚያችም ሴት ቲማቲም ከዳር መጥቆር ጀምሮ ኖሯል። ገሚሱ ግን ገና ደህና ነበር። ቀደም ብለው ቢነጋገሩ ከዚያ የበለጠ ይተርፍ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ እናቶች ጎንበስ ብለው የታመመውን አብረው ሲነቅሉ ትቻቸው ወደ መናኸሪያው ወረድኩ። ቡናው ተጠርቷል፤ እኔ ግን አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ከአቦሉ ሳልቀምስ ቀረሁ።