የምራቅ ዕጢ ጠጠር

የምራቅ ዕጢ ጠጠር በምራቅ ውስጥ ያሉ የካልሲየም ጨዎች በዕጢው ወይም በቱቦው ውስጥ እየረጉ ሲደድሩ የሚፈጠር ነው። ሰው ሦስት ጥንድ ትልልቅ የምራቅ ዕጢዎች አሉት፤ ከጆሮ ሥር፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር። ከ100 ጠጠሮች 80 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚገኙት ግን በመንጋጋ ሥሩ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዋርተን በ1656 እ.ኤ.አ. የገለጸውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የዚህ ዕጢ ቱቦ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ምራቁ ሽቅብ ይወጣበታል፤ መውጫ ቀዳዳውም ጠባብ ነው። ምራቁ ራሱ ወፈር ያለና ካልሲየም የሚበዛበት መሆኑ ነገሩን ያብሰዋል።

በሽታው የሚታወቀው በማዕድ ሰዓት ነው። በሽተኛው ሊጎርስ ሲል፣ አንዳንዴም ወጡ ገና ሲሸተው፣ አገጩ ሥር በአንድ ወገን ተወጥሮ ያመዋል፤ ከበላ በኋላ ቀስ እያለ ይሟሽሻል። ይህን በደንብ የጠየቀ ሐኪም የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል። ጆሮ ደግፍ ከትኩሳት ጋር ለቀናት ይቆያል፤ የጥርስ መግልም የማዕድ ሰዓት ጠብቆ አይመጣም። ሁለቱን ከጠጠር ሳይለዩ ጥርስ መንቀል ትልቅ ስህተት ነው።

ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ አንድ ጣቱን ከምላስ ሥር፣ የሌላ እጁን ጣቶች ከአገጭ በታች አድርጎ ከኋላ ወደ ፊት ይዳስሳል። ወደ ኋላ ከተገፋ ጠጠሩ ወደ ዕጢው ሊንሸራተት ይችላል። ዕጢው ሲታሸት ከምላስ ክር ጎን ካለችው ቀዳዳ ጥርት ያለ ምራቅ ከወጣ መልካም ነው፤ መግል ከወጣ ኢንፌክሽን አለ፤ ምንም ካልወጣ ቱቦው መዘጋቱ ይጠረጠራል። የአፍ ወለል ራጅ አብዛኛውን የመንጋጋ ሥር ጠጠር ያሳያል፤ የጆሮ ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ በራጅ ስለማይታይ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

ትንሽ ጠጠር ውኃ በብዛት በመጠጣት፣ ሎሚ በመምጠጥና ዕጢውን በማሸት ራሱ ሊወጣ ይችላል፤ መግል ካለ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። ለቀዳዳው የቀረበውን ሐኪሙ አደንዝዞ፣ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ከበስተጀርባው በክር ይዞ፣ ቱቦውን ሰንጥቆ ያወጣዋል። ወደ ኋላ የራቀው የምላስ ነርቭ ስለሚጎራበተው የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሥራ ነው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በቱቦው በሚገባ ቀጭን ካሜራ ማውጣት ስለተቻለ ዕጢውን ቆርጦ ማስወገድ የመጨረሻ አማራጭ ሆኗል።

ሳያም፣ ከምግብ ጋር ሳይያያዝ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ በተለይም ፊት በአንድ ወገን ከሰነፈ፣ የዕጢ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።