የማህፀን ፈሳሽ

በዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሻንቶም ሆነ በሶዶ፣ አንዲት ሴት ጤና ጣቢያ ገብታ «ፈሳሽ አለብኝ» ካለች አመመኝ ማለቷ ነው። ቃሉ ግን ጤናማውንም ይጨምራል። ነጣ ወይም ጥርት ያለ፣ መጥፎ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሰውነት ራሱን የሚያጸዳበት ነው፤ በወር አበባ ዑደት አጋማሽ ላይ በዛ ይላል፣ ይለጠጣልም። «የማህፀን» መባሉም ያሳስታል፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ብልት ውስጥ እንጂ ማህፀን ውስጥ አይደለም።

የሚያጠራጥረው ለውጡ ነው። እንደ አይብ የረጋና የሚያሳክክ ከሆነ ፈንገስ፣ ግራጫ ሆኖ የዓሣ ሽታ ካለው የባክቴሪያ መዛባት፣ አረፋ ያለው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ ግን አይለይም። ትሪኮሞናስ ከሆነ ባልም አብሮ ይታከም፤ ሚስት ብቻዋን መድኃኒት ብትውጥ ሕመሙ ተመልሶ ሊይዛት ይችላል።

ውስጡን በሳሙና መታጠብ ደግሞ እባካችሁ ይቅር! እዚያ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የአሲድነቱን ልክ (ፒኤች) ከ3.8 እስከ 4.5 አካባቢ ጠብቀው ጎጂዎቹን ያርቃሉ፤ ሳሙና ይህን ያዛባል። ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች ሕመም ወይም እርግዝና ካለ ቀን አይሰጥም። ለወንድ ባለሙያ መናገር የምታፍር እህት በቀበሌዋ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትንገራት፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።